«ገባችሁ?»፦ ተግባቦትን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለመማር፣ ከጎጃም

ክፍል ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «ገባችሁ?» ይላል መምህሩ። «አዎ!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ሰሌዳው ይጠፋል፤ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይታለፋል። ከክፍል ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ሌላ ወሬ ትሰማላችሁ። «ምን ነበር ያለው?» «እኔስ ምን አውቄ! ሃንዳውቱን እናነበዋለን።»

ተማሪ ሳለሁ «አዎ!» ከሚሉት ነበርኩ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ገባችሁ?» የምለው እኔ ነኝ። የማስተምረውም ተግባቦት (ኮሙኒኬሽን) ነው። ስለዚህ ነገሩ ከማንም በላይ ያሳስበኛል።

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር ተማሪዎች ቢሮ በር ላይ ይጠብቁኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «መምህር፣ ኮሙኒኬሽን ብገባ ምን እሆናለሁ?» ወላጆችም ይደውላሉ። አንዳንዱ ልጁ ቴሌቪዥን ላይ ዜና ሲያነብ ይታየዋል። አንዳንዱ ደግሞ «እንግሊዝኛው ይሻሻልለታል አይደል?» ይለኛል። ሁለቱም ትምህርቱን በጎኑ ነው የሚያዩት። ዋናው ነገር ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ፣ ለምንስ እንደማይግባባ ማጥናት ነው። ይህ ደግሞ ዜና ከማንበብም እንግሊዝኛ ከማቀላጠፍም ይሰፋል።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «ተግባቦት» ሥሩ «ገባ» ነው። በእኛ ቋንቋ ነገር እንደ ሰው ይገባል። «ገባኝ» ስንል ነገሩ ወደ ውስጤ ዘለቀ ማለታችን ነው። «አልገባኝም» ስንል ውጭ ቀረ። «ተግባባን» ስንል ደግሞ እኔ ወደ አንተ፣ አንተም ወደ እኔ ገባን ማለት ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን «ተግባባሁ» ሊል አይችልም፤ ከማን ጋር ተብሎ ይጠየቃል። አማርኛ ይህን ትምህርት ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይከፈት ቃሉ ውስጥ አስቀምጦታል። ተናጋሪው ተናግሮ ስለጨረሰ ነገሩ አላለቀም። የሚያልቀው ሲገባ ነው።

የውጭው ዓለም እዚህ ለመድረስ ብዙ ዞሯል። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ሰውን በንግግር የማሳመን ጥበብን ሲያጠና ሦስት ነገር ለየ፦ የተናጋሪው ማንነት፣ የአድማጩ ስሜት፣ የነገሩ ማስረጃ። በ1914 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 17 የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ንግግር የሰዋስው ጭራ ሆኖ መማር የለበትም የሚል ነበር አቋማቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እኛ ዘንድ ይህ ክርክር ገና አልተዘጋም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በ1948 እ.ኤ.አ. ክሎድ ሻነን የተባለ የስልክ ኩባንያ ተመራማሪ ዛሬ እያንዳንዱ የተግባቦት ተማሪ የሚሸመድደውን ንድፍ አወጣ። ላኪ አለ፣ መስመር አለ፣ ተቀባይ አለ፤ መሐል ላይ ረብሻ ይገባል። ንድፉ ለስልክ ሽቦ ድንቅ ነው። ሻነን ራሱ የመልእክቱ ትርጉም የምሕንድስናው ጉዳይ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፏል። እኛ ግን ለሽቦ የተሠራውን ንድፍ ለሰው አደረግነው። ተማሪው «ላኪ፣ መልእክት፣ ተቀባይ» ብሎ ጽፎ ነጥብ ያገኛል። አጎቴ ጤና ጣቢያ ገብተው የገጠማቸውን ግን በዚህ ንድፍ ማስረዳት አይቻልም።

አጎቴ ገበሬ ናቸው፤ ስልሳን አልፈዋል። አምና ክረምት ላይ ታመው አንድ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ተራችን ሲደርስ ወጣቷ ነርስ «አባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለቻቸው። በአክብሮት ነው የጠየቀችው። ዓይኗ ግን ካርዱ ላይ ነበር።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ነገሩስ የጀመረኝ የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። በሬዎቼን ጠምጄ...»

«አባ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«ልቤን።»

ልብ ተብሎ ተጻፈ። ግፊታቸው ተለካ፣ ደረታቸው ተደመጠ። «ልብዎ ደህና ነው» ተባሉና የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ወጣን። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እጃቸው ያረፈው ከደረታቸው ዝቅ ብሎ፣ ሆዳቸው አፍ ላይ መሆኑን አይቻለሁ። ገጠር «ልቤን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ እንደሚያሳይም አውቃለሁ። ግን አልተናገርኩም። ወረፋው አሳፈረኝ።

ክኒኑ ባዶ ሆድ ላይ ባሰባቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ሌላ ባለሙያ ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው ሰማቸው። የሰኔን ጾም ይዘው፣ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያርሱ እየዋሉ ነው የጀመራቸው። ሲርባቸው ያቃጥላቸዋል፤ ሲበሉ ይሻላቸዋል። ጨጓራ ነበር። መልሱ ያ የተቋረጠው የበሬ ወሬ ውስጥ ነበር።

አጎቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እየተባሉ ያደጉ ሰው ናቸው። የሚያከብሩት ሰው ሲጠይቃቸው ከሥሩ ነው የሚጀምሩት። ነርሷ ደግሞ ከጫፉ እንድትጀምር ነው የተማረችው፦ የት ጋ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል። ሁለቱም አማርኛ ነው የተናገሩት። መስመሩ ላይ ረብሻ አልነበረም። አልተግባቡም።

ይህ የጎጃም ችግር ብቻ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን በድምፅ ቀድተው አጠኑ። ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያቋርጠው በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነበር። እስከ መጨረሻው እንዲናገሩ ከተፈቀደላቸው ጥቂቶቹ ደግሞ አንዱም ከ150 ሰከንድ በላይ አልወሰደም። አጎቴ 18 ሰከንድ እንኳ የደረሱ አይመስለኝም። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ቢሰጣቸው ኖሮ የሁለት ሳምንት ስቃይ ይቀርላቸው ነበር።

በነርሷ አልፈርድባትም። ይህን ማን አስተማራት? በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የመጀመሪያ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ» አንድና ሁለት ይወስዳል። ስሙ ውስጥ ተግባቦት አለ፤ የሚማረው ግን እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ መጽሐፉ ሁሉ በእሱ ነው። ነገር ግን ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው፣ ዐቃቤ ሕጉ ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩት በአማርኛ ነው፤ እንጅባራ ዙሪያ ከሆነ በአዊኛም ጭምር። በዚህ ቋንቋ ሰውን ማዳመጥ፣ መጥፎ ዜና መንገር፣ የተቆጣን ሰው ማረጋጋት የሚማሩበት አንድ ኮርስ የላቸውም። «አማርኛማ አፋችንን የፈታንበት ነው፤ ምኑን እንማረዋለን?» ይባላል። አጎቴና ነርሷም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ለዓመታት 70 በ30 በሚባለው ፖሊሲ አብዛኛው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ ተደረገ። ማኅበራዊ ሳይንስ የተረፈው የሚሄድበት መሰለ። ያ ስሜት አሁንም ከወላጆች አፍ አልጠፋም። ተግባቦትንም ከሕክምናና ከግብርና ጋር ማንም አያገናኘውም።

ከሻነን ንድፍ ወዲህ ትምህርቱ ብዙ ተራምዷል። በ1967 እ.ኤ.አ. ፖል ዋትዝላዊክና ባልደረቦቹ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። ማንኛውም ንግግር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንዱ ጉዳዩ ነው። ሁለተኛው «እኔና አንተ ምንና ምን ነን» የሚለው ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። እኛ ሁለተኛውን ነገር ሳንናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ አንችልም። «ተቀመጥ» ነው ወይስ «ይቀመጡ»? አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ፤ መምረጥ ግድ ነው። «አንቱ» ራሱ እንደ አነጋገሩ ይለያል። ገጠር ላይ ልጅ አባቱን «አንቱ» ሲል ከአክብሮቱ ጋር ቅርበት አለበት። ያንኑ ቃል ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ኃላፊ ለአንድ ሽማግሌ በተቆጣ ድምፅ ሲወረውረው ግን ስድብ ይሆናል። አንድ የተግባቦት ተማሪ በዚህ ላይ ብቻ የመመረቂያ ጽሑፉን ቢሠራ ቦታ አይበቃውም። የሚመጡልኝ ርዕሶች ግን አብዛኞቹ የፌስቡክ አጠቃቀምና የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ አሠራር ናቸው።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» የሚለውም ለዚሁ ነው። «አልገባኝም» ማለት በጉዳዩ በኩል ሲታይ ቀላል መረጃ ነው። በግንኙነቱ በኩል ግን መምህሩን «አላስረዳህም»፣ ጓደኞቹን ደግሞ «እኔ ከእናንተ አንሳለሁ» ማለት ይመስላል። ኤርቪንግ ጎፍማን በ1955 እ.ኤ.አ. ሰው በሌላው ፊት ገጽታውን እንዴት እንደሚጠብቅ ሲጽፍ ያየው ይህን ነው። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ዝም ያለ አይሳሳትም፣ አያሳፍርም፣ አያፍርም። ክፍል ውስጥ ግን ይነቅዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም አለብኝ፤ ተማሪዎቼ በየሥልጠናው እየሰሙት ይመጣሉና። «ከተግባቦት 93 በመቶው ቃል አይደለም» ይባላል። 7 በመቶ ቃል፣ 38 በመቶ ድምፅ፣ 55 በመቶ ፊት። ቁጥሩ ከአልበርት መህራቢያን የ1967 እ.ኤ.አ. ጥናቶች የተወሰደ ነው። ጥናቶቹ ግን ያተኮሩት ነጠላ ቃላት ላይ ነው። ሰዎች አንድን ቃል በተለያየ ድምፅና የፊት ገጽታ ሲቀርብላቸው ተናጋሪው ይወዳል ወይስ ይጠላል የሚለውን እንዲገምቱ ተደረጉ። ስለ ስሜት፣ ያውም ቃሉና ፊቱ ሲጋጩ፣ የሚነግረን ነገር አለ። ንግግር ሁሉ እንዲህ ነው የሚል መደምደሚያ የለውም።

ይህን ሳስረዳ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አነሳለሁ። የጎጃም የቅኔ መምህርት ነበሩ። ዓይነ ስውር ነበሩ። የተማሪያቸውን ፊት ሳያዩ፣ ጆሯቸው በሚሰማው ቃል ብቻ ስንቱን የቅኔ ምስጢር አርመው ስንቱን መምህር አፍርተዋል። ቃል 7 በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ጉባኤ እንዴት ይቆም ነበር?

ወደ ገበሬው ልመለስ፤ እሱ ዘንድ ሌላ ትምህርት አለ። በ1943 እ.ኤ.አ. ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አዮዋ ውስጥ ዲቃላ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተስፋፋ 259 ገበሬዎችን ጠየቁ። ብዙዎቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ነበር። እንዲዘሩት ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። ወሬውን ያመጣውና ልብ ያስገባው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ሜጫ፣ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን ብትሄዱ ቢኤች 660 የተባለውን ዲቃላ የበቆሎ ዘር የማያውቅ ገበሬ አታገኙም። ባለሙያው ስብሰባ ጠርቶ ስለ መስመርና ስለ ማዳበሪያ መጠን ይናገራል። ገበሬው ያዳምጣል፤ «ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያ ጎረቤቱ አጥር ላይ ቆሞ አገዳው ስንት ራስ እንደያዘ ይቆጥራል። የሚወስነው እዚያ ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ላይ ደከረንስ የተባለው ዛፍ አገሩን የሞላውም በአብዛኛው ገበሬ ከገበሬ እያየ ነው። የግብርና ተማሪ ይህን ሳይማር ሲወጣ፣ የሰው ብዛት ቆጥሮ «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ይህ ከ«ገባችሁ?» «አዎ!» በምን ይለያል?

ያለፉት ዓመታት ደግሞ የወሬን ነገር አስተምረውናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ተማሪው ቤቱ ተቀምጦ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ይጠብቃል። እናት ስልክ ይዛ ትውላለች። «መንገድ ተከፈተ አሉ።» «ማን አለ?» «አሉ ነው የሚባለው።» «ሰኞ ግቡ ተብሏል አሉ።» በዚህ «አሉ» ተነስቶ መናኸሪያ ድረስ የመጣ፣ ከዚያም የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ።

ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሬዎች ተነስተው በ1947 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ቀመር ጽፈው ነበር። የወሬ ጉልበት ማለት የጉዳዩ ክብደት ግልጽ ባለመሆኑ መጠን ሲባዛ ነው። ማባዛት መሆኑን አስተውሉ። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ወሬው ዜሮ ይሆናል። የልጅን ደኅንነትና ትምህርት ክብደት ማንም ዜሮ ሊያደርገው አይችልም። ግልጽ አለመሆኑን ግን መቀነስ ይቻላል። «በቅርቡ እናሳውቃለን» የሚል ማስታወቂያ ወሬውን ያፋፍመዋል። «እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት አዲስ ነገር የለም፤ ዓርብ አሥር ሰዓት እንነግራችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ምንም አዲስ ዜና ባይይዝም ብዙ ሰው ያሳርፋል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር ስንት እናት እንቅልፍ ታገኝ ነበር። በምረቃ ቀን ወላጆች «ልጄ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ የምሰጠው አንዱ መልስ ይህ ነው።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። በቀድሞው ጎጃም ምድር ዛሬ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ባሕር ዳር በ1992 ዓ.ም. ሁለት ነባር ተቋማት ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ እንጅባራ በ2010 ዓ.ም. ተከተለ። ከእነሱ በመኪና ብዙ ሳይርቁ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ አሉ። ለዘመናት ሰዎች ቅኔ ሊማሩ በእግራቸው የሚመጡባቸው ቦታዎች ናቸው።

ቅኔ ቤት ጠዋት ላይ ሄዳችሁ እዩ። ተማሪው ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያሰናዳል ማለት ነው። ጀማሪው ጉባኤ ቃናን ይዟል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሲጨርስ ተነስቶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ይህ ነገራ ይባላል። መምህሩ ሰምቶ ያቆመዋል። እዚህ ጋ ሰሙ ወርቁን አልያዘውም፤ ይህ ቃል ሌላ ትርጉም አለው፣ አድማጩን ያስትብሃል። ሂድ፣ መልሰህ ቁጠረው። ልጁ ይመለሳል። ነገም ይነግራል። ማንም «ገባህ?» ብሎ አይጠይቀውም። የገባው መሆኑ በሚነግረው ቅኔ ይታወቃል። አድማጩ ምን እንደሚሰማ ቀድሞ ማሰብ የማይችል ተማሪ ከጉባኤ ቃና አያልፍም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማርኛ ሰምና ወርቅ ሲጽፍ፣ ይህ ድርብ አነጋገር ለዘመናዊ ሥራ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አቋሙ ለዘብ ብሎ፣ ዘመናዊው ዓለም ከድርብ ትርጉም መሸሹ የሚያሳጣው ነገር እንዳለ ጽፏል። እኔ የሁለተኛውን ሌቪን እወስዳለሁ። ለመድኃኒት አወሳሰድ ግልጽ ቋንቋ ያስፈልጋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ ሲቀመጡ ሁሉን ነገር በግልጽ ቢናገሩ ዕርቁ ያን ቀን ይፈርሳል። ለሁለቱም ወገን ፊት የሚያተርፍ ቃል ነው የሚፈልጉት። መቼ ግልጽ፣ መቼ ሽፍን መሆን እንዳለበት ማወቅ ራሱ ዕውቀት ነው።

የእኔ ቅሬታ ሁለቱ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲውና ቅኔ ቤቱ፣ አለመተዋወቃቸው ነው። ተማሪዬ የሻነንን ንድፍ በቃሉ ይወጣል። ነገራ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም፤ ቅኔ ቤቱ ከቀዬው አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው የሚጠይቀው መጽሐፉን ነው፤ ተማሪውም መጽሐፉን ቢይዝ አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ ሴሚስተር ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ አንድ ሴሚስተር ሽምግልና ላይ ማስታወሻ ይዞ ቢቀመጥ፣ ንድፈ ሐሳቡን ፈጽሞ አይረሳውም ነበር።

ሥራን በተመለከተ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) አለ፣ የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች አሉ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች አሉ። ሁሉንም ተመራቂ አይይዙም። ስለዚህ «ጋዜጠኛ ለመሆን ብቻ ከሆነ ደግመህ አስብ» እላለሁ። ሰው ለምን እንደማይሰማማ የሚከነክነው፣ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ አንዱ ያለው ሌላው ከሰማው እንደሚለይ የሚታየው ልጅ ከሆነ ግን ይምጣ። ቦታው ነው።

እኔም ከቅኔ ቤት አንድ ነገር ተበድሬያለሁ። «ገባችሁ?» ማለት ተውኩ። ሃያ ደቂቃ እንዳስተማርኩ ቆም እልና «ለጎናችሁ ላለው ንገሩት» እላለሁ። ከዚያ የሰማው እንጂ የተናገረው አይደለም ተነስቶ የሚያስረዳው።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ክፍሉ ተያየ። ወንበር ተንቋቋ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«እኔ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ አልገባኝም።»

ሌሎች አምስት ስድስት እጆች ተከተሉ። ሰሌዳውን አጠፋሁና ከማክሰኞው ጀመርን።